ልጁ ለምን ያነክሳል? ብሩሴሎሲስ በልጆች ላይ ሲሰወር

ብሩሴሎሲስ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ ልጅ ላይ ሲመጣ ግን በራሱ ስም አይጠራም። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ይባላል። ትኩሳቱ አልለቅ ሲል ታይፎይድ ይሆናል፤ ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ወባ። ልጁ ማነከስ ሲጀምር «ሲጫወት ወድቆ ይሆናል» ይባላል። ጉልበቱ ሲያብጥ ስሙ ወደ ቁርጥማት ይቀየራል። ደም ተመርምሮ ሴሎቹ ዝቅ ብለው ሲገኙ ደግሞ ቤቱን ሁሉ የሚያናውጥ ስም ይነሳል፤ የደም ካንሰር። ለእያንዳንዱ ስም መድኃኒት ይታዘዛል። አንዳንዱ ለጥቂት ቀናት ያሽለዋል። ከዚያ ትኩሳቱ ይመለሳል።

በዚህ መሃል ሳምንታት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ወራት። የሚያናድደው ነገር ፍንጩ ብዙ ጊዜ ወላጅ አፍ ላይ መኖሩ ነው። «ልጁ ምን ዓይነት ወተት ነው የሚጠጣው? ከእንስሳት ጋር ይውላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ነገሩ በአንድ ቀን መስመር ሊይዝ ይችላል። ካልተገኘ ደግሞ ውዱ ምርመራ ሁሉ ዙሪያውን ሲዞር ይከርማል።

ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በየጽሑፉ ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር በዓለም ላይ በየዓመቱ 500,000 ሰው ይያዛል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ስሌት ግን ግምቱን ከ1.6 እስከ 2.1 ሚሊዮን አድርሶታል። በሽታው ድንገት በአራት እጥፍ አደገ ማለት አይደለም። ድሮም ነበረ፤ በቅጡ የቆጠረው ግን አልነበረም። በሽታው በተስፋፋባቸው አገሮች ከሕሙማኑ ከአምስት አንዱ ወይም ሩቡ ያህል ልጆች ናቸው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ወገቡን ይዞ «እዚህ ጋ ይቆረጥመኛል» አይልም። ይነጫነጫል፣ ምግብ ይገፋል፣ ተሸከሙኝ ይላል።

ጤነኛ መሳይዋ ፍየል

ታሪኩ ራሱ ስለ ምርመራው ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የብሪታንያ ጦር ሐኪም ማልታ ደሴት ላይ በትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። የበሽታው መንስኤ ተገኘ ማለት ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ለ18 ዓመታት ያህል የሚያውቅ አልነበረም። አየሩ ነው ተባለ፣ ፍሳሹ ነው ተባለ፣ ትንኝ ነው ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለ የማልታ ሐኪም የፍየሎችን ደም መረመረ። ፍየሎቹ ተይዘው ነበር። ምን እንዳሳሳታቸው ልብ በሉ፤ ፍየሎቹ አይታመሙም ነበር። ይበላሉ፣ ይታለባሉ፣ አይከሱም። ማንም ሊጠረጥራቸው አልቻለም። በ1906 ለወታደሮች የፍየል ወተት መስጠት ሲቆም የታማሚው ቁጥር ዝቅ አለ።

በሌላ በኩል ዴንማርካዊው በርንሃርድ ባንግ በ1897 ላሞችን የሚያስጨነግፍ ባክቴሪያ አግኝቶ ነበር። ሁለቱን ማንም አላገናኛቸውም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሊስ ኢቫንስ በ1918 ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውንና የላም ጥሬ ወተትም አደጋ እንዳለው ስትጽፍ ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። በኋላ እሷው ራሷ በላብራቶሪ ሥራ ላይ ሳለች በበሽታው ተይዛ ለዓመታት ተሰቃየች።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለአንዲት ነጥብ ነው። «የእኛ ፍየል ጤነኛ ናት»፣ «ላማችን ምንም አልሆነችም» የሚል መልስ ከልጁ ላይ ጥርጣሬውን አያነሳም። የተያዘ እንስሳ ብዙ ጊዜ የሚታይበት ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ መጨንገፍ። ያም ሁልጊዜ አይደለም። ከአንድ ጊዜ ጭንገፋ በኋላ ብዙዎቹ በሚቀጥለው ጊዜ በሰላም ይወልዳሉ፤ ባክቴሪያውን በወተታቸው መልቀቃቸውን ግን ይቀጥላሉ።

ባክቴሪያው ብሩሴላ ይባላል፤ ሰውን የሚያጠቁት ዓይነቶቹ በዋናነት አራት ናቸው። ከፍየልና ከበግ የሚመጣው ሜሊቴንሲስ፣ ከከብት የሚመጣው አቦርተስ፣ ከአሳማ የሚመጣው ስዊስ፣ ከውሻ የሚመጣው ካኒስ። ልጆችን በብዛት የሚይዘውም፣ የሚከፋውም የመጀመሪያው ነው።

ወደ ልጅ የሚገባበት መንገድ በአብዛኛው አፍ ነው። ጥሬ ወተት፣ ከጥሬ ወተት የተሠራ ለስላሳ አይብ፣ ክሬም። ሌላው ንክኪ ነው። ሲወለድ ወይም ሲጨነግፍ የሚወጣው ፈሳሽና የእንግዴ ልጅ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ልጅ ደግሞ አዲስ ግልገል ሲወለድ ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጥ ፍጡር ነው፤ ያቅፈዋል፣ ይስመዋል። በቆዳ ጭረት፣ በዓይን፣ ከአቧራ ጋር በሚሳብ ትንፋሽም ይገባል። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ በጣም አልፎ አልፎ የሚታይ ነው፤ ከእናት ወደ ጽንስ ወይም በጡት ወተት የተላለፈበት አጋጣሚ ግን አለ።

ዘበኛው ጎጆ ውስጥ የተደበቀ ሌባ

አብዛኛው ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጫጫታ ያስነሳል። በአንድ ሌሊት ትኩሳቱ ይነድዳል፣ ነጭ የደም ሴል ይጨምራል፣ ልጁ ይዘረራል። ብሩሴላ እንዲህ አያደርግም። የውጭ ሽፋኑ የመከላከያ ሥርዓታችንን በደንብ አያነቃውም። ጭራሽ ሊበሉት የመጡት ነጭ ሴሎች ውስጥ ገብቶ እዚያው ይራባል። ሌባው ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ተደበቀ እንደማለት ነው።

እነዚህ ሴሎች ተሸክመውት ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ መቅኔና ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ይሄዳሉ። ይህች አንዲት ሐሳብ ከገባችን የቀረው ሁሉ ይገባናል። ጣፊያና ጉበት ለምን ያብጣሉ? ተህዋሱ እዚያ ስለሚሰፍር። የደም ሴል ለምን ይቀንሳል? ደም የሚመረትበት መቅኔ ውስጥ ስለገባ፣ ያበጠው ጣፊያም ሴሎቹን ስለሚያስቀር። ሕክምናው ለምን ይረዝማል? ሴል ውስጥ የተደበቀን ባክቴሪያ መድኃኒት ቶሎ ስለማያገኘው።

ከገባበት ቀን እስከ ምልክቱ መታያ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። አንዳንዴ 5 ቀን ብቻ፣ አንዳንዴ 5 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው «በዚህ ሳምንት ምን በላ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ብዙም የማይሠራው። መጠየቅ ያለበት ያለፈው ግማሽ ዓመት ነው።

ምን ይታያል?

በልጅ ላይ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ብሩሴሎሲስ መጠርጠር አለበት። ያልለቀቀ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ያበጠ ጣፊያ ወይም ጉበት። ሦስቱም በአንድ ልጅ ላይ ተሟልተው ይገኛሉ ማለት አይደለም። ሁለቱ ከእንስሳ ወይም ከጥሬ ወተት ታሪክ ጋር ከመጡ ለመጠርጠር ይበቃሉ።

ስለ ትኩሳቱ አንድ የቆየ ወሬ አለ። በድሮ መጻሕፍት ትኩሳቱ እንደ ማዕበል ለሳምንታት ከፍ ይልና ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል ተብሎ ተጽፏል። ይህ የሚታየው ምንም መድኃኒት ባልወሰደ ሰው ላይ ነው። ዛሬ ልጅ ትኩሳት ሲነሳበት በማግስቱ ማስታገሻ ይወስዳል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንቲባዮቲክ። ማዕበሉ ይሰባበራል። ስለዚህ ማዕበል ካላየሁ ብሎ መጠበቅ ዋጋ የለውም። ብዙ ልጆች ትኩሳታቸው ከሰዓት በኋላና ማታ የሚብስ፣ ጠዋት ደህና መስለው የሚነሱ ናቸው። ክሊኒክ ሲደርሱ ትኩሳት ላይኖራቸውም ይችላል። ወላጅ ማታ ማታ ለክቶ በወረቀት ቢይዝ ከማንም ገለጻ ይበልጣል።

ላብም አለ። ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ክብደት መቀነስ፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዴ የሆድ ሕመምና ማስመለስ ይከተላሉ። እነዚህ የማንም በሽታ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ ለብቻቸው ብዙም አይረዱም።

የሚረዳው እግሩ ነው።

በልጆች ላይ ብሩሴላ ትልልቅ መገጣጠሚያዎችን ይወዳል። ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስቱን ይይዛል። አንድ የ6 ዓመት ልጅ እንውሰድ። እናቱ «ጠዋት ሲነሳ እግሩን ይጎትታል፣ ሲውል ደህና ይሆናል» ትላለች። ሐኪሙ በሩ ድረስ ሂድና ተመለስ ይለዋል። ልጁ በቀኝ እግሩ ላይ ክብደቱን ቶሎ እያነሳ ይሄዳል። «የት ነው የሚያምህ?» ሲባል ጉልበቱን ያሳያል። ጉልበቱ ግን አላበጠም፣ አይሞቅም፣ ሲታጠፍ አያመውም። ሐኪሙ ልጁን አጋድሞ ዳሌውን ወደ ውስጥ ሲያዞረው ነው ልጁ ፊቱን የሚያጨማድደው። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ እንደሚሰማ የሚያውቅ ሐኪም እዚህ ጋ ይነቃል። ጉልበቱን ብቻ ራጅ አንስቶ «ምንም የለውም» ብሎ የሚሸኝ ግን ሌላ ወር ያስጠፋል።

ገና መናገር ያልጀመረ ልጅ ጉዳዩን በባሕርይው ይናገራል። መሄድ የጀመረው ልጅ ተመልሶ መዳኽ ይፈልጋል። ዳይፐር ሲቀየርለት እግሩ ሲነሳ ያለቅሳል። በጉርምስና ዕድሜ ያለው ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው የታችኛው ወገብና የመቀመጫ አጥንት ሕመም ሊያወራ ይችላል። ወንድ ከሆነ አንደኛው የዘር ፍሬው አብጦ ሊያመው ይችላል። ይህን ለወላጅ መንገር ስለሚያፍር ብቻውን ሆኖ መጠየቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። መገጣጠሚያው የጋለ፣ ያበጠና ልጁ ጨርሶ ሊያንቀሳቅሰው የማይችለው ከሆነ፣ ትኩሳቱም ከፍተኛ ከሆነ፣ ብሩሴሎሲስ ነው ብሎ መቀመጥ አይቻልም። በሌሎች ባክቴሪያዎች የሚመጣ የመገጣጠሚያ መግል በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሻል። ብሩሴላ ቀስ ይላል፤ ሌላው አይታገሥም። ስለዚህ ያኛው አለመሆኑ በዚያው ቀን መረጋገጥ አለበት።

ሌሎች የማይታለፉ ምልክቶችም አሉ። የአንገት መገተር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ መደናገር ወይም የባሕርይ መለወጥ በሽታው ወደ ነርቭ ሥርዓት መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። አዲስ የተሰማ የልብ ድምፅ የልብ ቫልቭ መያዙን ሊጠቁም ይችላል። ሁለቱም በልጆች ላይ ብርቅ ናቸው። ብሩሴሎሲስ በአጠቃላይ የሚገድለው በጣም ጥቂት ሰው ነው፤ ከሚገድልባቸው መንገዶች ግን ዋነኛው ይኸው የልብ ቫልቭ ነው።

ጥያቄውን እንዴት እንጠይቅ?

«ጥሬ ወተት ትጠጣላችሁ?» ሲባል አብዛኛው ወላጅ «ኧረ እኛ አፍልተን ነው» ይላል። አይዋሽም። ቤቱ ውስጥ ወተት ይፈላል። ግን ልጁ በዕረፍት ጊዜ ዘመድ ጋ ሰንብቷል። ወይም ከመታለቢያው ዕቃ ላይ አረፋውን በጣቱ እየጠረገ ይልሳል። ወይም ወተቱ ይፈላል፣ አይቡ ግን ከጥሬ ወተት ነው የሚሠራው። «ወተት» ሲባል አይብ በብዙ ሰው ሐሳብ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ጥያቄው መበርበር አለበት። ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት እንስሳ አለ ወይ? የጨነገፈች አለች ወይ? ያን ጊዜ ማን ነበር ያጸዳው፣ ልጆቹስ የት ነበሩ? ባለፉት ስድስት ወራት ልጁ ሌላ ቦታ አድሮ ያውቃል ወይ? አባት ወይም እናት ቄራ፣ እርባታ፣ የእንስሳት ሕክምና ወይም ላብራቶሪ ይሠራሉ ወይ? ደግሞም በቤቱ ውስጥ ሌላ ትኩሳት፣ ላብ ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ በእኔ አመለካከት ከሁሉም ይበልጣል። ቤተሰብ ከአንድ ዕቃ ስለሚጠጣ በሽታው ቤት ውስጥ ተከታትሎ ይገኛል። አባትየው «ወገቤን ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ለወራት ማስታገሻ ሲውጥ ከርሞ፣ በልጁ ምክንያት ሲመረመር እሱም ተይዞ ይገኛል።

የከተማ ልጅ ነው ብሎ መዝለልም አያዋጣም። በኢንተርኔት ላይ ጥሬ ወተት «ተፈጥሯዊ» እየተባለ የሚወደስበት ዘመን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 በገበያ የተሸጠ ጥሬ ወተት ጠጥተው በብሩሴላ የተያዙ ሰዎች ተገኝተዋል። ያውም ባክቴሪያው ላሞችን ለመከተብ የሚያገለግለው አርቢ51 የተባለ ሕያው ዝርያ ነበር። ይህ ዝርያ ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ በሚፈልገው በተለመደው ምርመራ አይታይም፤ ለበሽታው ከሚታዘዙት ዋና መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲንም አይገድለውም።

በሁለቱም በኩል የሚያሳስት ምርመራ

ጥርጣሬው ከመጣ በኋላ ደም ይወሰዳል። አጠቃላይ የደም ቆጠራው የሚያሳየው ነገር የተለየ አይደለም። ነጭ ሴል ልከኛ ወይም ዝቅ ያለ፣ ከነጮቹም ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባሉት በርከት ያሉ፣ መጠነኛ የደም ማነስ፣ አንዳንዴ ያነሱ ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሴሎች)። የጉበት ኢንዛይም ትንሽ ከፍ ይላል። የብግነት መለኪያዎች ልከኛ ሊሆኑም ይችላሉ። «ኢንፌክሽን ቢሆን ነጭ ሴሉ ይጨምር ነበር» የሚል አባባል እዚህ አይሠራም። ሦስቱም የሴል ዓይነቶች አንድ ላይ ከወረዱ፣ ጣፊያም ካበጠ፣ የደም ካንሰር መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ መቅኔ መመርመሩም ተገቢ ነው። ግን ያ የመቅኔ ናሙና ባክቴሪያውን ለማብቀልም፣ ማለትም ለካልቸር፣ ይላክ። ብሩሴላ ከደም ይልቅ ከመቅኔ ውስጥ በተሻለ ሁኔታ ይገኛልና አንዱ መርፌ ሁለቱን ጥያቄ ይመልሳል።

እርግጠኛው ማረጋገጫ ካልቸር ነው፤ ባክቴሪያውን ራሱን ማብቀል። ዘመናዊ መሣሪያ ባለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። በድሮው ዘዴ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ለዚህም ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ብሩሴሎሲስ ተጠርጥሯል» ብሎ መጻፍ አለበት። አንደኛ፣ ካልተጻፈ ላብራቶሪው በአምስተኛው ቀን «ምንም አልበቀለም» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ሁለተኛ፣ ብሩሴላ የላብራቶሪ ሠራተኞችን በመያዝ የታወቀ ነው። ጠርሙሱን የሚከፍተው ሰው ሳያውቅ ሊተነፍሰው አይገባም።

ካልቸር በሌለበት፣ ማለትም በአብዛኛው ቦታ፣ ያለው አንቲቦዲ መፈለግ ነው። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ለማጣሪያነት ጥሩ ነው። ከእሱ ቀጥሎ በቱቦ የሚሠራው ይመጣል። ይህንን ቀረብ ብለን እንየው፤ ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ባለሙያው የልጁን ሴረም፣ ማለትም ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ፣ እያቀጠነ በተደረደሩ ቱቦዎች ውስጥ ያስቀምጣል። 1 ለ20፣ 1 ለ40፣ 1 ለ80፣ 1 ለ160 እያለ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ውስጥ የተገደለ ብሩሴላ ይጨምራል። አንቲቦዲ ካለ ባክቴሪያዎቹ ተያይዘው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ከላይ ያለው ፈሳሽ ጥርት ይላል። ከሌለ እንደ ደፈረሰ ይቀራል። ምልክት ባለው ልጅ 1 ለ160 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብሩሴሎሲስን በጣም ይደግፋል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲደገም በአራት እጥፍ ከጨመረ ነገሩ ይጠናከራል።

አሁን ወጥመዱን እንይ። አንቲቦዲው እጅግ ሲበዛ የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች አይጠሩም። ባክቴሪያዎቹ እያንዳንዳቸው በአንቲቦዲ ተሸፍነው እርስ በርስ መያያዝ ያቅታቸዋል። 1 ለ20 ደፍርሷል፣ 1 ለ40 ደፍርሷል፣ 1 ለ80ም ደፍርሷል። ባለሙያው እዚያ ካቆመ «ኔጌቲቭ» ብሎ ይጽፋል። ቢቀጥል 1 ለ320 ላይ ጥርት ብሎ ያገኘው ነበር። ከሁሉም በላይ የተያዘው ልጅ ነጻ ተብሎ ይሸኛል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እስከ ታች ማቅጠን።

በተቃራኒው የሚያሳስትም አለ። ሌሎች ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ዬርሲኒያ ኢንትሮኮሊቲካ ኦ9 የሚባለው፣ ሽፋናቸው ከብሩሴላ ጋር ስለሚመሳሰል ምርመራውን ያታልላሉ። በሽታው በተስፋፋበት አካባቢ ጤነኛ ሰውም ከድሮ የቀረ አንቲቦዲ ይዞ ይገኛል። አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ቀላቅለው በደቂቃ ውስጥ «ፖዘቲቭ» የሚሉ ፈጣን ምርመራዎች በተለይ ብዙ የሐሰት ውጤት ይሰጣሉ። በእነሱ ብቻ ተነሥቶ ልጅን ስድስት ሳምንት መድኃኒት ማስዋጥ ሌላ በደል ነው። ትክክለኛው በሽታ፣ ቲቢም ይሁን ካንሰር፣ ከኋላው ተደብቆ ይቆያል። «ብሩሴላ አትርሱ» የምንለውን ያህል «ለሁሉም ትኩሳት ብሩሴላ አትበሉ» ማለት አለብን። ሁለቱንም የሚያስታርቀው ታሪኩ ነው። የልጁ ታሪክ፣ ምርመራ አልጋው ላይ የታየው ነገርና የቱቦው ቁጥር አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ ብቻ ነው ልብ የሚሞላው።

ከውሻ የሚመጣው ካኒስም እንደ አርቢ51 በተለመደው የአንቲቦዲ ምርመራ አይገኝም። እዚያ ካልቸር ግድ ነው።

የግማሽ ሕክምና ጣጣ

ምርመራውን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ከምርመራው በፊት የተሰጠ መድኃኒት ነው። ለታይፎይድ ተብሎ የታዘዘ ሴፍትሪያክሰን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ትኩሳቱን ለጥቂት ቀናት ያበርደዋል። ወላጅም ሐኪምም እፎይ ይላሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከርሞ ጥጃ ነው። በዚህ መሃል ደም ቢወሰድ ካልቸሩ ላይ ምንም ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ «በአንቲባዮቲክ ተሽሎት ነበር፣ ተመለሰበት» የሚለው ታሪክ ራሱ ፍንጭ ነው።

የባሰው ደግሞ ብግነትን የሚያበርደውና የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ስቴሮይድ ነው። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የተጀመረለት ልጅ ሕመሙ ይታገሥለታል፤ ባክቴሪያው ግን ነጻ ሜዳ ያገኛል። በሽታው ባለበት አካባቢ የልጅ ቁርጥማት ተብሎ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ብሩሴላና ቲቢ አለመሆናቸው መረጋገጡ ግድ ነው።

ትክክለኛው ሕክምና አሰልቺ ነው፤ ይሠራል ግን። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት። ከ8 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች የተለመደው ዶክሲሳይክሊን ከሪፋምፒሲን ጋር፣ ወይም ከዶክሲሳይክሊን ጋር በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጥ የጄንታማይሲን ወይም የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ነው። ከ8 ዓመት በታች ላሉት ዶክሲሳይክሊን ጥርስ ያበላሻል ተብሎ ስለሚሰጋ በኮትሪሞክሳዞል ይተካና ከሪፋምፒሲን ጋር ይሰጣል። የአከርካሪ አጥንት፣ የልብ ወይም የነርቭ ጉዳት ካለ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ መድኃኒቱም ሊጨምር ይችላል። መጠኑን የሚወስነው በልጁ ክብደት ሐኪሙ ነው።

ችግሩ ትኩሳቱ ቶሎ መልቀቁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ይበላል፣ ይሮጣል። «ድኗል» ተብሎ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ማቋረጫ ደግሞ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ማድረጉ ነው። እናት ዳይፐሩን ስታይ ደም መስሏት ትደነግጣለች፣ በራሷም ታቆመዋለች። ይህን መድኃኒቱ ሲሰጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ነበረብን። ሽንቱ፣ እንባው፣ ላቡ ቀለም ይለውጣል፤ ጉዳት የለውም።

በሁለት መድኃኒት በደንብ ከታከሙትም ከመቶ ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ በሽታው ያገረሻል፤ አብዛኛው ሕክምናው ባለቀ በ6 ወር ውስጥ። በአንድ መድኃኒት ወይም ባጠረ ጊዜ የታከመ ደግሞ ይበልጥ ያገረሽበታል። ሲያገረሽ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ስለተላመደ አይደለምና እነዚያው መድኃኒቶች እንደገና ይሠራሉ። ክትትሉ ግን በአንቲቦዲ ቁጥር አይሁን። ቁጥሩ ልጁ ድኖም ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። «አሁንም ፖዘቲቭ ነው» ተብሎ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዙር መድኃኒት የሚሰጣቸው ጤነኛ ልጆች አሉ። መታየት ያለበት ልጁ ነው። ትኩሳት አለው? ክብደቱ ጨመረ? ዳሌው ይዞራል? የጣፊያው እብጠት ቀነሰ?

ቤቱስ?

የልጁ ካርድ ላይ ብሩሴሎሲስ ከተጻፈ ሥራው ገና ነው። ወተቱ ከየት እንደመጣ ይታወቅ። ወተት እስኪፈላ ድረስ ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በፋብሪካ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ማሞቅ ይበቃል። ፍሪጅ አይገድለውም፤ በረዶ ማድረግም አይገድለውም። ለሰው የሚሰጥ ክትባት እስካሁን ስለሌለ እንስሳቱን የሚመረምርና የሚከትብ የእንስሳት ሐኪም መጠራት አለበት። የእንግዴ ልጅና የጨነገፈ ጽንስ በባዶ እጅ አይነሳ፣ ልጆችም እዚያ አይቅረቡ።

ከዚያ አብረው የሚበሉት ሁሉ ይጠየቁ፤ ምልክት ያለባቸውም ይመርመሩ። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ከሁሉም በፊት እሷ ትታይ። ያልታከመ ብሩሴሎሲስ ለውርጃ ያጋልጣል፤ የሚሰጡት መድኃኒቶችም ለእርሷ ተለይተው መመረጥ አለባቸው።